የእርሳስ ጥይት በየአገሩ ለምን እየተከለከለ ነው? ለእኛ ጤናስ ምን ማለት ነው?



በኮልፌ ቀራኒዮ፣ አጠና ተራ አካባቢ የሚኖሩ አንድ አባት ጉልበታቸውን አሟቸው ወደምሠራበት ክሊኒክ መጥተው ነበር። ማንነታቸውን የሚገልጽ ነገር ትቼ ታሪካቸውን በፈቃዳቸው ላካፍላችሁ። በእሳቸው ዕድሜ የጉልበት ሕመም ብርቅ አይደለምና እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት የመገጣጠሚያ መሸርሸርን ነበር። ራጅ ተነስተው ሲመጡ ግን በመገጣጠሚያው ውስጥ አንድ ትልቅ ነጭ ነገር፣ በዙሪያው ደግሞ እንደ ዱቄት የተበተኑ ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣቦች ታዩ። እሳቸው አልተገረሙም። «እሱማ የኖረ ነው፤ ከወታደርነቴ ጀምሮ አብረን ነው ያረጀነው» አሉኝ። ሆዳቸውን በየጊዜው እንደሚቆርጣቸው፣ ድርቀት እንደሚያስቸግራቸው፣ ደም ማነስ አለብዎት ተብለው የብረት እንክብል ወስደው እንዳልተሻላቸው የነገሩኝ እኔ ስጠይቃቸው ነው። እነዚህን ነገሮች ከጉልበታቸው ጋር የሚያገናኛቸው ነገር ይኖራል ብለው አላሰቡም። እውነቱን ለመናገር በትምህርት ቤት ሳለን ይህን ጉዳይ ያነሳነው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ስለነበር ብዙዎቻችን ሐኪሞችም ቶሎ አናስበውም።

የሚያገናኛቸው እርሳስ ነው። እርሳስ ስል የተማሪ መጻፊያውን ማለቴ እንዳልሆነ አስቀድሜ ልናገር። በአማርኛ ስሙ አንድ በመሆኑ «ልጄ እርሳስ ዋጠብኝ» ብለው ደንግጠው የሚመጡ እናቶች አሉ። የመጻፊያው እርሳስ ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነትና ሸክላ እንጂ ብረቱ የለበትም፤ በዚህ በኩል አትስጉ። የማወራችሁ በመኪና ባትሪ፣ በጎማ ባላንስ፣ በአሮጌ ቀለምና በጥይት ውስጥ ስላለው ከባድና ለስላሳ ብረት ነው።

ጉዳዩን አሁን እንዳነሳው ያደረገኝ በውጭ አገራት የተያዘው ክርክር ነው። ዴንማርክ በእርሳስ እንክብል ማደንን እ.ኤ.አ. በ1996 ከልክላ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ደግሞ ለአደን የሚውለውን የእርሳስ ጥይትም አግዳለች። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2019 ወዲህ ማንኛውም አዳኝ እርሳስ ባለው ጥይት የዱር እንስሳ መምታት አይችልም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2023 ጀምሮ በረግረጋማ ቦታዎች የእርሳስ እንክብል መተኮስን ከልክሏል። የብሪታንያ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ለአደን የሚውለው የእርሳስ ጥይት በሽግግር ጊዜ ውስጥ ከገበያ እንደሚወጣ አስታውቋል። ክርክሩ የተጀመረው በወፎች ነው። ዳክዬዎች የወደቀውን እንክብል ጠጠር መስሏቸው ይውጡታል፤ ጥምብ አንሳዎች ደግሞ የቆሰለ አውሬ በልተው ይመረዛሉ። በኋላ ግን ነገሩ ወደ ሰው ማዕድ ዞረ። የእርሳስ ጥይት ሥጋ ሲመታ ወደ ጥቃቅን ስብርባሪ ይበተናል። ስብርባሪው በዓይን አይታይም፣ በጥርስም አይታወቅም፤ ከሥጋው ጋር ተፈጭቶ ሕፃናት ሳህን ላይ ይደርሳል።

ከሁሉም የተቸገሩት በጥንታዊው ጠመንጃ የሚያድኑ ሰዎች ናቸው። አያቶቻችን «ቆመህ ጠብቀኝ» እያሉ የቀለዱበት፣ ባሩዱና አረሩ በአፈሙዙ በኩል ገብቶ በዘንግ የሚጠቀጠቀው ጠመንጃ ማለቴ ነው። በአሜሪካ ዛሬም ለእሱ ብቻ የተለየ የአደን ወቅት ያላቸው ግዛቶች አሉ። ይህ ጠመንጃ ከእርሳስ ጋር የተወዳጀው ያለ ምክንያት አይደለም። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ በከሰል ምድጃ ላይ ይሟሟል፤ ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ አረር ማፍሰስ ይችላል። ለስላሳ ስለሆነ አፈሙዙን ሳይጎዳ ይገባል፤ ከብዙ ብረቶች ይልቅ ከባድ ስለሆነም ሩቅ ይሄዳል። በአገራችንም እስከ ውጅግራ ዘመን ድረስ አረሩ ልባስ የሌለው እርሳስ ነበር። ፈጣን ጠመንጃዎች ከመጡ በኋላ ነው እርሳሱን በመዳብ ወይም በመሰል ብረት መጠቅለል የተለመደው። ጥቅሉ ውስጥ ያለው ግን በአብዛኛው ያው እርሳስ ነው።

እንግዲህ በእርሳስ ምትክ ምን ይግባ? ሌሎች ስለ ዋጋውና ስለ ዒላማው ይጨነቁ፤ እኔ በሐኪም ዓይን ነው የማየው። ከሁሉም ለእርሳስ የሚቀርበው ቢስሙዝ ነው። በ271 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ክብደቱም ብዙ አይርቅም። ተሰባሪ ስለሆነ ብቻውን አይሆንም፤ የሬዲዮ ጠጋኞች ስታኞ ከሚሉት ውስጥ ካለው ከቲን ጋር ይደባለቃል። ቢስሙዝን ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት ውጣችሁታል፤ ለጨጓራ ባክቴሪያ ከሚታዘዙ መድኃኒቶች አንዱ ነውና። ይህ ማለት ግን እንደ ልብ ይወሰዳል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በፈረንሳይ የቢስሙዝ መድኃኒትን አብዝተው ለረጅም ጊዜ የወሰዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አእምሯቸው ታውኮ ነበር። ቢሆንም ከእርሳስ ጋር አይወዳደርም።

መዳብ ሥጋ ሲመታ እንደ እርሳስ አይበታተንም፤ ለተመጋቢ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። በሰው አካል ውስጥ ሲቀር ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለው። በዓይን ውስጥ የቀረ ንጹሕ የመዳብ ስባሪ ምንም ጀርም ሳይኖርበት ዓይኑን አስቆጥቶ ሊያጠፋው ይችላል። ይህን የምጽፈው ለአዳኞች ሳይሆን ለእናንተ ነው፤ መዶሻና ሞረድ ይዛችሁ መዳብ ወይም ነሐስ የምትቀጠቅጡ ባለሙያዎች፣ መነጽር ሳታደርጉ አትሥሩ። የብረት ስባሪም እንዲሁ በዓይን ውስጥ ዝጎ ቀስ በቀስ ብርሃንን ይወስዳል። «ትንሽ ነገር ገባብኝ፣ አሁን ለቆኛል» ብላችሁ አትተዉት።

ብረት ራሱ ርካሽ ምትክ ነው፣ ለወፍ አደን በሰፊው ገብቷል። የሐኪሙ ችግር ኤም አር አይ ላይ ነው። ኤም አር አይ ኃይለኛ ማግኔት ስለሆነ በሰውነት ውስጥ ያለን የብረት ስባሪ ሊያንቀሳቅስ ይችላል፤ በዓይን ወይም በአከርካሪ አጠገብ ካለ ውጤቱ አስከፊ ነው። እርሳስና መዳብ በማግኔት አይሳቡም። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የክላሽ ጥይት በብዛት ከውስጡ የብረት እምብርት ያለው መሆኑ ነው። ስለዚህ በሰውነታችሁ ውስጥ ጥይት ወይም ፍንጣሪ ያለባችሁ ሰዎች፣ ኤም አር አይ ሲታዘዝላችሁ ባለሙያው ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። ከሠላሳ ዓመት በፊት የሆነ ቢሆንም ንገሩት።

ዚንክም ይሞከራል። እሱን ያነሳሁት ለሌላ ጉዳይ ነው። ዚንክ ሲቀልጥና ዚንክ የተለበጠ ላሜራ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ማታ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ፣ የሚያተኩስና አጥንት የሚቆረጥም ሕመም ያመጣል። ጠዋት ይለቃል። ብየዳ ቤት የሚሠሩ ልጆች ይህ ሲደጋገምባቸው ታይፎይድ ነው እየተባሉ መድኃኒት ሲወስዱ አይቻለሁ። በሩን ክፈቱ፣ ጭሱን ከፊታችሁ የሚያርቅ ነፋስ ይኑር።

ተንግስተን ከእርሳስም ይከብዳል፤ ውድ ነው። ደህና ነው ተብሎ ብዙ ከተወራለት በኋላ፣ የአሜሪካ ወታደራዊ ተመራማሪዎች ተንግስተንን ከኒኬልና ከኮባልት ጋር አቀላቅለው በአይጦች ጡንቻ ውስጥ ሲቀብሩት አይጦቹ ኃይለኛ ዕጢ ማውጣታቸውን እ.ኤ.አ. በ2005 አሳተሙ። በሰው ላይም ያው ይደርሳል ተብሎ አልተረጋገጠም። ቢሆንም «እርሳስ የለበትም» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ጤናማነትን እንደማይመሰክር ያሳያል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛ ዘንድ በጥንታዊ ጠመንጃ የሚያድን የለም፤ የጦር መሣሪያ ጉዳይም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ነው። የእኛ ጉዳይ በየቤቱ ያለው፣ ከተለያዩ ጦርነቶች ተርፎ ጥይት በገላው ይዞ የሚኖረው ሰው ነው። በወታደር ቤት፣ በገጠርም በከተማም፣ ሴቶችም ወንዶችም አሉበት። «ካልነካኸው አይነካህም» የሚለው ምክር ከሐኪሞችም አፍ ይሰማል። ምክሩ ግማሹ እውነት ነው። በጡንቻ ውስጥ የቀረ ጥይትን ሰውነት በጠባሳ ይሸፍነዋል፤ እርሳሱም ብዙ አይወጣም። እሱን ፍለጋ ቢላ ማስገባት ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊበዛ ይችላል። መገጣጠሚያ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው። የመገጣጠሚያ ፈሳሽ እርሳስን ቀስ በቀስ ያሟሟል፤ ጉልበት በታጠፈ ቁጥር አጥንቱ እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል። በአከርካሪ ዲስክ አጠገብ ያለውም፣ ወደ ብዙ ስብርባሪ የተበተነውም እንዲሁ ያሰጋል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ በገላ የቀረ ጥይት በአዋቂዎች ላይ የደም እርሳስ ከፍ እንዲል ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ መሆኑን ገልጿል፤ መጠኑ እጅግ ከፍ ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ድርሻው ይበዛል።

መመረዙ የሚገለጠው በዓመታት ሊሆን ይችላል። የሆድ ቁርጠትና ድርቀት፣ በብረት እንክብል የማይድን ደም ማነስ፣ የደም ግፊት፣ የመርሳትና የመነጫነጭ ጠባይ፣ የእጅ አንጓ መዛል፣ በወንድ የዘር ፍሬ መዳከም፣ በሴት የፅንስ መጨንገፍ ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። አንዳቸውም የእርሳስ ብቻ ምልክት አይደሉም፤ ለዚህ ነው የሚያሳስቱት። እርሳስ በደም ውስጥ አንድ ወር ገደማ ቆይቶ ይቀንሳል፤ አጥንት ውስጥ ከገባ ግን አሥርት ዓመታት ይቀመጣል። አጥንቱ ሲሰበር፣ የእንቅርት ሆርሞን ሲበዛ ወይም እናት ስታረግዝ ተመልሶ ወደ ደም ይወጣል። ከእናቲቱም ወደ ፅንሱ ይሻገራል። ስለዚህ በልጅነቷ ተመትታ ጥይቱ ገላዋ ውስጥ የቀረ ሴት ብታረግዝ የእርግዝና ክትትል ስትጀምር ይህን መናገሯ ተገቢ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለእርሳስ «ይህን ያህል አይጎዳም» የሚባል መጠን የለም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የሕክምና መመሪያ በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሲገኝ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ይመክራል። በዚያው ዓመት በዓለም ከ1 ነጥብ 5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከእርሳስ ጋር በተያያዘ እንደሞቱ ተገምቷል፤ አብዛኞቹ በልብና በደም ሥር በሽታ ነው። በጣም ከፍ ሲል እርሳሱን ከደም አጥምዶ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት አለ። ምንጩ ገላ ውስጥ ተቀምጦ መድኃኒቱን ብቻ መውሰድ ግን ቧንቧው ሳይዘጋ ወለል እንደ መወልወል ነው።

ምርመራው የደም ናሙና እንጂ ከባድ ነገር አይደለም። የሚያሳዝነው በየጤና ጣቢያው አለመኖሩ ነው። በእኔ አስተያየት ሆስፒታሎቻችን እንደ ስኳርና እንደ ኮሌስትሮል ሁሉ የደም እርሳስን መለካት የሚችሉበት ቀን መፋጠን አለበት። እስከዚያው ጥይት በመገጣጠሚያው ያለ ሰው ደም ማነስና የሆድ ሕመም ካለበት ሐኪሙን «የእርሳስ ምርመራ ያስፈልገኛል ወይ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። ማውጣት ካስፈለገም ሥራው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነው። ወጌሻ ዘንድ ሄዳችሁ እንዲቀደድላችሁ አትፍቀዱ። ወጌሻ ለእጥፋት የሚመሰገን እጅ ሊኖረው ይችላል፣ ለዚህ ግን አይሆንም።

ጥይት የሚተኩሱ ሰዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1962 ኔልሰን ማንዴላ ተኩስ የተለማመዱት እዚሁ ኮልፌ፣ የፈጥኖ ደራሽ ካምፕ በነበረበት ስፍራ መሆኑን ብዙ የሰፈራችን ሰው በኩራት ያነሳል። ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ክፍል ውስጥ የእርሳስ ውሕድ ስለሚኖር በእያንዳንዱ ተኩስ ጥቂት የእርሳስ ጭስ ይወጣል። በተዘጋ የተኩስ ቤት ዕድሜ ልኩን የሚያሠለጥን ሰው ከሠልጣኙ ይልቅ እሱ ይጎዳል። እጅ ሳይታጠቡ መብላትና ማጨስ፣ በሥራ ልብስ ቤት ገብቶ ሕፃን ማቀፍ ይቅር።

ከጥይቱ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የሚቀልጠው እርሳስ ነው። የቆራሌው ልጆች ከየቤቱ የሚሰበስቡት አሮጌ ባትሪ፣ ከጎሚስታው ደጅ የሚለቀመው የጎማ ባላንስ፣ የዓሣ መረብ ማክበጃ የሚሠራበት ቁርጥራጭ በቀላሉ ስለሚቀልጥ በጓሮ ምድጃ ላይ ይጣዳል። በሴኔጋል ዳካር አቅራቢያ፣ ቲያሮዬ በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባሉት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ። ምክንያቱ ወላጆቻቸው የባትሪ እርሳስ ከአሸዋ ለይተው ለመሸጥ ወደ ሰፈራቸው ማምጣታቸው ነበር። በናይጄሪያ ዛምፋራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 እርሳስ ያለበት የወርቅ ማዕድን በመንደር ሲፈጭ ከ400 በላይ ሕፃናት አልቀዋል። በክፍለ ከተማችን ያለው ቆሼ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ሲደረመስ ከ110 በላይ ሰዎችን በአንድ ቀን ስለወሰደ ሁላችንም አለቀስን። የእርሳስ ጉዳት እንዲህ በአንድ ቀን አይታይም፤ የልጁ የመማር አቅም ሲቀንስ መምህሩ ሰነፍ ይለዋል እንጂ።

ስለዚህ ባትሪ በቤት አትስበሩ፤ ከቆሻሻ የተገኘ ጥይት ወይም ቀልሃ ደግሞ ለማቅለጥ ይቅርና በመዶሻ አትንኩ፣ ለፖሊስ አሳውቁ። ከቁርጥራጭ ብረት የሚቀልጡ የአልሙኒየም ድስቶችም እርሳስ ሊኖርባቸው እንደሚችል በተለያዩ የአፍሪካ አገራት የተደረጉ ምርመራዎች አሳይተዋል። ሎሚና ቲማቲም የበዛበት ወጥ እንዲህ ባለው ድስት ማሳደር ጥሩ አይደለም። ቀለም ስትገዙ ጣሳው ላይ ስለ እርሳስ የተጻፈውን ተመልከቱ፤ አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ ከሚሊዮን 90 ክፍል መብለጥ የለበትም። አሮጌ ቀለም ስትፍቁ በእርጥብ ፍቁ፣ ልጆችን አርቁ፤ አቧራውንም በደረቅ መጥረጊያ አታቡንኑት፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉት።

ስለ ወተት አንድ ነገር ልበል። በየጋራዡና በየማተሚያ ቤቱ «ወተት መርዝ ያወጣል» ተብሎ ለሠራተኛ ወተት ይሰጣል። ወተት ከሰውነት እርሳስ አያወጣም። ካልሲየሙና ከምስር፣ ከጎመን፣ ከሥጋ የሚገኘው ብረት በቂ ሲሆኑ አንጀት የሚመጠው እርሳስ ይቀንሳል፤ ባዶ ሆድ ያለው ሕፃን ከጠገበው ይልቅ ብዙ እርሳስ ይመጣል። ወተቱ አይቅር፣ ጭንብሉንና የእጅ መታጠቢያ ሳሙናውን ግን አይተካም። አሠሪው ወተት ሰጠሁ ብሎ የጭስ ማውጫውን ሲረሳ ዝም አትበሉ።

ለእኒያ አባት ወደ አጥንት ቀዶ ሐኪም ማዘዣ ጻፍኩላቸው፤ የደም ናሙናቸውም ምርመራው ወደሚሠራበት ላቦራቶሪ ተልኳል። ሲወጡ በር ላይ ቆም ብለው፣ ጥይቱ ከወጣ ለማስታወሻ ይሰጧቸው እንደሆነ ጠየቁኝ። ይሰጡዎታል፤ ግን በጠርሙስ አሽገው የልጅ ልጆችዎ እጅ የማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡት አልኳቸው። አንድ ሕፃን የእርሳስ ቁራጭ ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ለማስመለስ አትሞክሩ፣ ወተትም አትግቱት፤ ያኔውኑ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት፣ ከዋጠው ጋር የሚመሳሰል ቁራጭ ካለም ይዛችሁ ሂዱ።